ሁለት ኪዳነ ምሕረት

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ቲም ሊድ ከሆንኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። አርብ ማታ ላፕቶፔን እየዘጋሁ፣ ከቡድናችን በዕድሜ ትንሹ ለሆነው ልጅ "እነዛን የማይሠሩ አካውንቶች አጽዳልኝ እስቲ" አልኩት። "እሺ" አለ። እኔም ቦርሳዬን አንግቼ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ መጮኽ የጀመረው ገና ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ነው። በእኔ ጭንቅላት "አካውንት" ማለት ለሙከራ ከፍተን የተውናቸው የመግቢያ አካውንቶች ነበሩ። ልጁ ወደ እኛ ከመዛወሩ በፊት ይሠራበት በነበረው ክፍል ግን "አካውንት" የሚባለው የደንበኛው ሒሳብ ነው። እናም ለወራት ያልተንቀሳቀሱ የደንበኛ ሒሳቦችን በሙሉ ዘግቷቸዋል። መጠባበቂያ ቅጂ ስለነበረን እስከ ማታ መለስናቸው።

ያልተመለሰው ሌላ ነገር ነው። በዚያው ቀን ስብሰባ ላይ፣ አለቆቼ ባሉበት፣ "እኔ ግልጽ ነገር ነው የነገርኩት" አልኩ። ልጁ አንገቱን ደፋ። አንድም ቃል አልወጣውም። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም፤ ከአራት ወር በኋላም መልቀቂያ አስገባ።

ኮድ መጻፍ እንጂ ሰው መምራት ማንም አላስተማረኝም። ኢንጂነሪንግ ስማር "ታዛቢ ሁን፣ ለካ፣ ፈትሽ" ተብያለሁ፤ ቃልን መፈተሽ ግን ሥራ መሆኑን የነገረኝ የለም። የተረዳሁት ባላሰብኩት መንገድ ነው። የዓድዋ በዓል ዕለት፣ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ጦርነቱ ሳነብ፣ "እኔ ግልጽ ነገር ነው የነገርኩት" ያለ ሌላ አለቃ አገኘሁ። ጄኔራል ነበር።

"ይቻላቸዋል"

ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀውን እንከልሰው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። ጣሊያንን ወክሎ የተደራደረው ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበር። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል። ጣሊያንኛው ግን በጣሊያን መንግሥት በኩል ለመላላክ "ይስማማሉ" የሚል ነው። ከ"ይቻላቸዋል" እስከ "ይስማማሉ" ያለው ርቀት በወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው። ሮም ግን ያንን አንድ ቃል ይዛ "ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት" ብላ ለአውሮፓ አወጀች።

እኔን የገረመኝ አንቀጽ 17 አይደለም፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የገረመኝ አንቀጽ 19 ነው። ይህ አንቀጽ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ ፍጹም የተስማሙ ስለሆኑ ሁለቱም እኩል እንደሚጸኑ ይናገራል። አያችሁ? ውሉ ራሱ "ተፈትሻለሁ፣ ችግር የለብኝም" የሚል ማረጋገጫ በላዩ ላይ ለጥፏል። በእኛ ሙያ ይህ በደንብ የታወቀ በሽታ ነው፤ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ያሳያል፣ ቴስቱ ግን ምንም አልፈተሸም።

ታዲያ ስሕተቱ እንዴት ታወቀ? አፄ ምኒልክ የዘውድ በዓላቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አሳወቁ። በ1882 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ፣ መላላኩ በጣሊያን በኩል መሆን እንዳለበት የሚያመለክት ሆነ። ማለትም የውሉ ትክክለኛ ትርጉም የታየው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ሥራ ላይ ሲውል ነው። ንጉሡ ይህን ካዩ በኋላ ዝም አላሉም። ተከራከሩ፣ ጻፉ፣ በመጨረሻም በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት ለዓለም አሳወቁ። አበው "ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል" ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ሳውሪያ፣ ከጦርነቱ ሁለት ቀን በፊት

አሁን ወደ 1888 እንለፍ። መስከረም ላይ የክተት አዋጁ ታውጇል፤ አምባላጌና መቀሌ አልፈዋል፤ የካቲት ላይ ሁለቱ ጦሮች ዓድዋ አካባቢ ተፋጠዋል። የጣሊያን ጦር ወደ 17 ሺህ የሚሆን ሰውና 56 መድፍ ይዞ ሳውሪያ ሰፍሯል። የኢትዮጵያ ጦር በአብዛኛው ግምት ወደ 100 ሺህ ይጠጋል። የሁለቱም ስንቅ እያለቀ ነው። ጥያቄው ማን ቀድሞ ይንቀሳቀሳል የሚል ነበር።

የጣሊያኑ አዛዥ ኦሬስቴ ባራቲየሪ ማፈግፈግ ያዘነብል ነበር። ከላይ ግን አለቃ አለው። የካቲት 18 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ፣ ጦርነቱን ቀስ በቀስ ከሚገድል የሳንባ በሽታ ጋር እያመሳሰለ የሚሸነቁጥ ቴሌግራም ላከበት። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 21 ምሽት፣ ባራቲየሪ አራቱን የብርጌድ አዛዦች ጠራ፦ አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና። ስንቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ መቅረቱን ነገራቸው፤ ማፈግፈግን አንሥቶ አስተያየታቸውን ጠየቀ። አራቱም ማፈግፈግን ተቃወሙ። በማግሥቱ ማታ ጦሩ እንዲንቀሳቀስ አዘዘ።

ይህን ስብሰባ ሳነብ የማውቃቸው ስብሰባዎች ትዝ አሉኝ። ከላይ ተቆጥተውታል፤ እውነቱን ያውቃል፤ ግን "ቡድኑ ወስኖ ነው" ማለት እንዲችል ቡድኑን ይሰበስባል። እዚያ የተቀመጡት ደግሞ በጓደኞቻቸው ፊት ፈሪ መስለው መታየት አይፈልጉም። ማን ይሆን "እንመለስ" የሚለው? ሰው ሰብስቦ ማማከርና የራስን ውሳኔ ለሌላው ማሸከም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። ሦስት ብርጌዶች በሌሊት ተጉዘው ከመንጋቱ በፊት ተጠጋግተው ከፍ ያሉ ቦታዎችን ይይዛሉ፤ አራተኛው በተጠባባቂነት ይከተላል። በግራ በኩል ያለው አልቤርቶኔ እንዲይዝ የታዘዘው ኮረብታ ትእዛዙ አብሮት በተሰጠው ንድፍ ካርታ ላይ "ኪዳነ ምሕረት" ተብሎ ተጽፏል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ካርታው የተሳሳተ ነበር። ካርታው "ኪዳነ ምሕረት" ያለው ኮረብታ በአካባቢው ሰው ዘንድ በዚያ ስም አይታወቅም። የአገሬው ሰው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት፣ ወደ ኢትዮጵያ ሰፈር የተጠጋውን ቦታ ነው። አልቤርቶኔ በሌሊት ባራቲየሪ ያሰበው ቦታ ላይ ደርሶ ነበር። ቆመ፤ ሌሎቹን ጠበቀ። መንገድ መሪዎቹ ግን "ኪዳነ ምሕረት ይህ አይደለም፣ ገና ወደፊት ነው" አሉት። እውነታቸውን ነበር። እሱም የታዘዘው ኪዳነ ምሕረትን እንዲይዝ ነውና ተነሥቶ ገሰገሰ።

እስቲ አስቡት፤ በዚያ ሌሊት ማንም አልዋሸም። አዛዡ ስም ጠርቶ አዘዘ። የበታቹ በተጠራው ስም ሄደ። መሪዎቹ የሚያውቁትን ተናገሩ። አንድ ስም ሁለት ቦታ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ በቃ። እንደ ፕሮግራመር ይህን ሳነብ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ።

የካቲት 23 ሲነጋ አልቤርቶኔ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ለፊት ነበር። እሱን እንዲደግፍ የታዘዘው ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ከሌሎቹ ተቆረጠ። ሊደጋገፉ የታሰቡ ብርጌዶች ተራ በተራ ተመቱ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ከጣሊያን ወገን የሞተው አስካሪዎችን ጨምሮ ወደ 6 ሺህ ይገመታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዓድዋን ያሸነፈው የካርታ ስሕተት አይደለም። ከየአውራጃው በእግሩ ተጉዞ የመጣው፣ በሺዎች የሞተው፣ ስሕተቱ በተፈጠረበት ቅጽበት ዝግጁ ሆኖ የተገኘው የኢትዮጵያ ሠራዊት ነው። ዝግጁ ያልሆነ ጦር የጠላቱን ስሕተት አይጠቀምበትም።

ባራቲየሪ ከሽንፈቱ በኋላ ጥፋቱ አልቤርቶኔ ከታዘዘው ቦታ አልፎ መሄዱ ነው ብሎ ተከራከረ። "እኔ ግልጽ ነገር ነው የነገርኩት" ማለቱ ነው። አስመራ ላይ የተሰየመው የጦር ፍርድ ቤት በነፃ ቢለቀውም፣ ለዚያ ኃላፊነት የሚመጥን ሰው አልነበረም ከማለት ግን አልተመለሰም።

መቀሌ

በዚያው ዘመቻ ከሌላኛው ወገን የሆነውን ተመልከቱ። ጥር ላይ የኢትዮጵያ ጦር መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ያለውን የጣሊያን ምሽግ ከቦ ነበር። በመጀመሪያ ፊት ለፊት አጠቃ። ምሽጉ ጠንካራ ነበርና ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ የመያዝ ሐሳብ ከእቴጌ ጣይቱ መጣ፤ ሥራውንም የራሳቸው ሰዎች ፈጸሙት። ጥማት የጸናበት ምሽግ በመጨረሻ ለመልቀቅ ተገደደ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ያልሠራውን ዕቅድ ጠበቅ አድርጎ መድገም ሳይሆን መተው። በእልህ ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ ማጥቃት ይቻል ነበር። ሁለተኛ፣ ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው የተናገረው ሰው ማን ነው ተብሎ ሳይሆን ስለሚሠራ ነው።

ደግሞ በዚያ ሰፈር ውስጥ እነማን እንደነበሩ አስታውሱ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው የተሸነፉ ናቸው። ራስ መንገሻ ዮሐንስ ከጣሊያኖች ጋር ተዋውለው የነበሩ፣ በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው የታረቁ ናቸው። ምኒልክ የትናንቱን ቂም በየስብሰባው ቢያነሡት ኖሮ የካቲት 23 ማን ይቆም ነበር? እኔ አንድ የተሳሳተ ልጅ በአለቆቼ ፊት አዋረድኩ፤ እሳቸው የወጓቸውን ሰዎች ጎናቸው አሰለፉ።

ሰኞ ጠዋት

ከዚህ ሁሉ ወደ ቢሮዬ ምን ይዤ ተመለስኩ? ትልልቅ ነገር የለም። ሥራ ስሰጥ "ገባህ?" ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ለ"ገባህ?" መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። አሁን የምለው "እስቲ ከየት እንደምትጀምር ንገረኝ" ነው። ሰውየው ሲናገር የእኔ ኪዳነ ምሕረትና የሱ ኪዳነ ምሕረት አንድ መሆናቸው ወይም አለመሆናቸው ይታያል። አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ቡድናችን ውስጥ ሁለት ትርጉም ያላቸውን ቃላት የምንመዘግብበት ገጽም ከፍተናል፤ የመጀመሪያው ቃል ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ከላይ ስቆጣ ደግሞ ቁጣውን ወደ ታች ሳላወርድ ለማደር እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ስብሰባ ላይ አስቀድሜ የወሰንኩትን ነገር "ምን ትላላችሁ?" ብዬ አላቀርብም፤ ወስኜ ከሆነ ወስኛለሁ እላለሁ፤ ካልወሰንኩ የመጨረሻ ተናጋሪ እሆናለሁ።

የጦርነቱ መዝጊያም ትምህርት አለው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ሲፈረም የውጫሌ ውል ተሻረ፤ የኢትዮጵያ ፍጹም ነፃነት ያለ ምንም ገደብ በግልጽ ተጻፈ። ውሉም እንዲጻፍ የተወሰነው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ጣሊያንኛ የለበትም። አንድ ጊዜ በቃል የተታለለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲፈርም ቃሉን እንዲህ ነው የሚይዘው።

ባለፈው ወር ለዚያ ልጅ ደወልኩለት። አሁን ሌላ ቦታ ይሠራል፤ ደህና ነው። የዚያን ቀን የነገርኩህ ግልጽ አልነበረም፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ በሰው ፊት ያልኩትም ልክ አልነበረም አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

"አርብ ዕለት እኮ የትኞቹን አካውንቶች እንደሆነ ልጠይቅህ አስቤ ነበር" አለኝ። "ግን ላፕቶፕህን እየዘጋህ ነበር።"