የእንግሊዝኛ ቃላት አከፋፈል ታሪክ

«ራውንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ብቻውን ሲታይ ክፍሉ አይታወቅም፤ እንደ አገባቡ ስም፣ ቅጽል፣ ግሥ፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድም ይሆናልና። በእኛ ዘንድ «ነገር» እና «ነገረ» በመልካቸው ይለያሉ፤ የላቲንም ቃል አብዛኛውን ጊዜ በመድረሻው ይታወቃል። የእንግሊዝ ሊቃውንት ግን የቋንቋቸውን ሰዋስው የሰፉት በላቲን ልክ ነበር።

ዊልያም ቡሎካር እ.ኤ.አ. በ1586 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲያሳትም የላቲኑን ሥርዓት ተከትሎ ቃላቱን በ8 ክፍል መደበ። ላቲን ደግሞ «ዘ»ን የመሰለ ቃል አልነበረውም። በ1640 የታተመው የቤን ጆንሰን ሰዋስው ይህንኑ 9ኛ ክፍል አድርጎ ጨመረ፤ በ1795 የወጣውና በየትምህርት ቤቱ የተሠራጨው የሊንድሊ መሪ መጽሐፍም 9ኙን አጸና። ተማሪ «ስም የሰው፣ የቦታ፣ የነገር መጠሪያ ነው» እያለ ቢያጠና፣ ይህ ፍች «ራውንድ»ን ለመለየት ምን ይረዳዋል?

ቻርልስ ፍሪስ በ1952 ባወጣው መጽሐፍ ሌላ መንገድ ያዘ። የተቀዳ የስልክ ንግግር መርምሮ፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ በአንድ ቦታ ሊተካኩ የሚችሉትን ቃላት ባንድነት መደበ፤ 4 ዐበይት ክፍሎችና 15 የአገልጋይ ቃላት ምድቦችም አወጣ። ክፍሎቹን በቁጥርና በፊደል ብቻ መጥራቱ ለአስተማሪ የሚመች አይመስለኝም፤ መለያው ግን ይሠራል። «ራውንድ»ን «ዘ» ቀድሞት ሌላ ስም ካልተከተለው ስም ነው፤ «ጠረጴዛ» የሚለው ቃል ከተከተለው ቅጽል ነው።