ሐረር በካሜራ ፊት፤ የፊልም ጥናትና የፊልም ጥበቃ

የሐረር ስም በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ ወደ ኅሊና የሚመጣው ግንቡ ነው። 48 ሄክታር ገደማ በሆነ ስፋት ላይ የተዘረጋው ጀጎል 82 መስጊዶችንና ከ100 በላይ የወልዮች መካነ መቃብርን አቅፎ ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ስለዚሁ ነው። ስለ ግንቡ፣ ስለ ቤቶቹ አሠራርና በእጅ ስለተጻፉት መጻሕፍት አያሌ ሊቃውንት ጽፈዋል። ይሁንና ከተማይቱ ሌላም ቅርስ አላት፤ ይኸውም ከመቶ ዓመት በላይ በፎቶግራፍና በፊልም የተቀረጸው መልኳ ነው። ይህ ቅርስ የሚገባውን ያህል አልተጠናም፤ በአንድ ስፍራም ተሰብስቦ አይገኝም።

የዚህ ታሪክ አንዱ መነሻ የሚገኘው ሐረር በግብፅ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1880 ወደ ከተማይቱ ገብቶ ለአንድ የቡናና የቆዳ ንግድ ድርጅት ይሠራ ነበር። ካሜራና የማጠቢያ መድኃኒት ከሊዮን ከተማ አስመጥቶም በ1883 ራሱን ፎቶግራፍ አነሣ፤ የገበያውን ሰውና ዕቃም ቀረጸ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ሥዕሎቹ የነጡት ያጠበባቸው ውኃ መጥፎ ስለነበረ መሆኑን ገልጧል። ለኬሚስት ወይም ለመሐንዲስ ይህ ምክንያት እንግዳ አይደለም። የፎቶግራፍ ሥዕል ከታየ በኋላ የሚጸናው መጽኛው መድኃኒት በንጹሕ ውኃ በሚገባ ታጥቦ ሲወጣ ነው፤ ቅሪቱ በወረቀቱ ላይ ከቀረ ብሩን ቀስ በቀስ እየበላ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። እንግዲህ የሐረር የካሜራ ታሪክ ከጥበቃ ችግር ጋር አብሮ ተወልዷል ለማለት ይቻላል።

ዛሬ በከተማይቱ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጠራው ያማረ የእንጨት ሕንፃ ገጣሚው ሐረርን ከለቀቀ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም በውስጡ የቀድሞዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ለሕዝብ መቅረባቸው ቤቱን ለጥናት የሚጠቅም አድርጎታል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት፣ ከ1867 እስከ 1935 በኢትዮጵያ የተነሡ ፎቶግራፎችን የያዘው መጽሐፍም የቆመው ምስል እንዴት እንደ ታሪክ ሰነድ ሊመረመር እንደሚገባ አሳይቷል። ማን አነሣው? መቼ? ለማን? በፍሬሙ ውስጥ ማን ገባ፣ ማንስ ቀረ? እነዚህ ጥያቄዎች ለፎቶግራፍ እንደሚቀርቡ ሁሉ ለፊልምም መቅረብ አለባቸው።

ሲኒማ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገሪቱ ገባ። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የሲኒማ አዳራሽ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ መሰየሙ አዲሱ ነገር ምን ያህል እንዳስደነገጠው ያስረዳል። ነገር ግን ካሜራው በብዛት የመጣው ከጦር ሠራዊት ጋር ነበር። ሐረር መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ አይሮፕላኖች ተደበደበች፤ ሚያዝያ 30 ቀን በጠላት እጅ ወደቀች። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው የኢጣልያ መንግሥት የፊልም ድርጅት ሉቼ የወረራውን ዘመን የሚያሳዩ አያሌ የዜና ፊልሞችን ሠርቷል። የድርጅቱ የዜና ፊልሞችና ፎቶግራፎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የእነዚህ ፊልሞች ሰነድነት የሚያጠራጥር አይደለም። ሆኖም ካሜራው የቆመው በወራሪው ወገን ነው፤ ዓላማውም ድሉን ለኢጣልያ ሕዝብ ማሳየት ነበር። ከአይሮፕላን የተቀረጸ ከተማ ከላይ ሲታይ ጣሪያና መንገድ ብቻ ይመስላል፤ ከጣሪያው ሥር የነበረው ሰው አይታይም። ስለሆነም ፊልሙን የሚመረምር ሰው የከተማይቱን ሽማግሌዎች ቃል፣ የአገር ውስጥ ጽሑፎችንና የፎቶግራፍ ማስረጃዎችን ከጎኑ አስቀምጦ ማነጻጸር ይኖርበታል። ይህን ሥራ በተሻለ ሁኔታ ሊያከናውን የሚችለው የጀጎልን መንገዶች በእግሩ የሚያውቅ፣ ሸዋ በርን ከቡዳ በር፣ ኤረር በርን ከሰንጋ በር በአንድ እይታ የሚለይ ተመራማሪ ነው። የሐረር ተመራማሪ ግን ፊልሙን ለማየት ፊቱን ወደ ሮም ለማዞር ይገደዳል።

ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ወደ ፊልም ሥራ ገቡ። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልም ወጣ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀመረ። በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ፈርሷል። በውጭ አገር የሠራው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አቀረበ፤ በ2009 ደግሞ «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ላይ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። የፊልም ጥናት እንደ አንድ የምርምር ዘርፍ ጎልቶ የወጣው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። ሚካኤል ቶማስ፣ አሌሳንድሮ ጄድሎቭስኪና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አቦነህ አሻግሬ እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ አዘጋጅተው ያሳተሙት የኢትዮጵያ ፊልም ታሪክና ፖለቲካ ጥናት ለዘርፉ ትልቅ መሠረት ጥሏል። የአገሪቱ ፊልም ሥራ ማዕከል አዲስ አበባ በመሆኗ ጥናቱም በአመዛኙ ወደ ዋና ከተማይቱ ማዘንበሉ የሚያስገርም አይደለም። ይኸው ግን የክፍለ ሀገሩን ፊልም ታሪክ ለክፍለ ሀገሩ ሰዎች ትቶታል።

ሐረር በውጭ አገር የቴሌቪዥን ፊልሞች በብዛት የታወቀችው ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በሚመገብበት ትርኢት ነው። ለአያሌ ዓመታት ጅቦችን ሲመግቡ የኖሩት ዩሱፍ ሙሜ ሳላህ በሐረር ባደገችው በጄሲካ በሽር «ኸይራት» በተባለው አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 በሌላ ዓይን ታይተዋል። ይኸው ደራሲ በ2021 «ፋያ ዳዪ»ን አቀረበች። በጥቁርና ነጭ የተቀረጸው ይህ ረጅም ፊልም በሐረርና በአካባቢዋ የጫት እርሻንና ንግድን፣ የወጣቶችን የስደት ሐሳብና የሱፊዎችን ትረካ አያይዞ ያሳያል። ሥራው አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶ በስዊዘርላንድ የኒዮን ፊልም በዓል ላይ ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ከሉቼ ፊልሞች ጎን ሲቀመጡ አንዲት ከተማ ከላይና ከውስጥ ስትታይ ምን ያህል እንደምትለያይ ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ ጥናት የሚቻለው የሚጠናው ነገር እስካለ ድረስ ነው። ጉዳዩ ከምሁሩ ወደ መሐንዲሱ የሚሻገረውም እዚህ ላይ ነው። እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ያገለገለው ናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠላል። የተካው አሲቴት ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል፤ በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት የተቀመጠ አዲስ አሲቴት ፊልም 40 ዓመት ገደማ ሲሞላው ይህ ሕመም እንደሚጀምረው ጥናቶች ይገምታሉ። የቪዲዮ ካሴት ዕድሜ ከዚህም ያጥራል፤ በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ዓመት ይገመታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአገር ውስጥ ፊልሞች በካሴት ይሠሩ ነበር፤ የሠርግ፣ የበዓልና የስብሰባ ቅጂዎችም በየቤቱ ተከማችተዋል። ካሴቱ ደኅና ቢሆን እንኳ ማጫወቻው እየጠፋ ነው፤ የመጨረሻው የቪኤችኤስ መቅጃ አምራች ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ስለዚህ ሊደረግ የሚገባው ከባድ ወጪ ከሚጠይቀው ሳይሆን ከሚቻለው ይጀምራል። በመጀመሪያ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ካሴትና ፊልም ይመዝገብ፤ ማን እንደቀረጸው፣ መቼና የት እንደተቀረጸ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ይጠየቅ። ቀጥሎ ማጫወቻዎች ተጠግነው ቅጂዎቹ ወደ ዲጂታል ይለወጡ፤ አንዱ ቅጂ ከከተማይቱ ውጭ ይቀመጥ። ዋናዎቹም ደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል ያግኙ፤ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ከድሬዳዋ ይልቅ ይህን በአነስተኛ ኃይል መፈጸም ይቻላል። በውጭ አገር ካሉት ቤተ መዛግብትም ቅጂ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ከሐረር አቅም በላይ ነው እንዳይባል ምሳሌው በግንቡ ውስጥ አለ። በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ቤተ መዘክር በአንድ የከተማይቱ ተወላጅ ትጋት የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችንና የድምፅ ቅጂዎችን ይዟል። መሥራቹ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የጥንቱን የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ራሳቸው ተምረው የተጎዱ መጻሕፍትን ጠግነዋል። ለብራናና ለወረቀት የተደረገው ለፊልምና ለካሴትም ሊደረግ ይችላል፤ ልዩነቱ የጊዜ ነው። በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ጠጋኙን መቶ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል፤ ካሴት ግን ባለቤቱን እንኳ አይጠብቅም። ራምቦ በ1883 በመጥፎ ውኃ ምክንያት ሥዕሎቹ ሲነጡበት የተሻለ ውኃ አልነበረውም። የዛሬው ትውልድ ግን ዕውቀቱም መሣሪያውም ስላለው ያንን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም።