እሳተ ገሞራ በምዕራብ ጎጃም

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የሚጤስ ተራራ የለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ሰከላና ወደ ደጋ ዳሞት የሚዘልቀው አገር ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ የቆመው ከምድር ውስጥ ቀልጦ በወጣና በረጋ ድንጋይ ላይ ነው። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ ዳር ላይ የሚከምረው ጥቁር ድንጋይ፣ የእርሻው ቀይ አፈር፣ ወንዙ የሚወድቅበት ገደል፣ ሁሉም የዚያው ውጤት ናቸው። ይህ መጣጥፍ ስለ እሳተ ገሞራ አፈጣጠርና ዓይነት በአጭሩ ገልጾ ስለ ዞኑና ስለ አካባቢው የተጻፈውን ያቀርባል። የተጻፈው በአብዛኛው ወደ ጣና ሐይቅ ያደላ በመሆኑ መጣጥፉም ወደዚያው ያደላል።

ስያሜ

«እሳተ ገሞራ» በግዕዝ አሰካክ የተበጀ ስም ሲሆን «የገሞራ እሳት» ማለት ነው። ገሞራ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ከሰዶም ጋር በእሳትና በዲን የጠፋችው ከተማ ናት። የዚያች ከተማ እሳት ከሰማይ የወረደ እንጂ ከምድር የፈለቀ አልነበረም፤ ቃሉ ግን ለምድሩ እሳት ጸንቶ ቀርቷል።

በዞኑ ካሉት ከፍታዎች ዋነኛው የሆነው የአመዳሚት ተራራ ስሙ «አመድ» የሚለውን ቃል ስለሚያስታውስ ከእሳተ ገሞራ ጋር ለማያያዝ ይቀናል። ሆኖም «አመዳይ» ከሚለው ቃልም ጋር እኩል ይቀራረባል፤ አመዳይ ለሚጥልበት ደጋ ደግሞ ይኸኛው ሳይሻል አይቀርም። ሁለቱም ከድምፅ መመሳሰል ያለፈ ማስረጃ አይቆምላቸውም።

አፈጣጠርና ዓይነት

ከመሬት ቅርፊት በታች ያለው ክፍል፣ ማንትል የሚባለው፣ እጅግ ቢግልም በአብዛኛው ጠጣር ነው። የሚቀልጠው በላዩ ያለው ጫና ሲቀንስ፣ ውሃ ሲገባበት ወይም ከወትሮው የጋለ ነገር ከጥልቁ ሲወጣ ነው። የቀለጠው ዐለት በዙሪያው ካለው ጠጣር ዐለት ስለሚቀል ወደ ላይ ይገፋል፤ ስንጥቅ ካገኘ ይወጣል፣ ካላገኘ እዚያው ይረጋል።

አፈነዳዱን የሚወስነው በውስጡ ያለው የሲሊካና የጋዝ መጠን ነው። ባዛልት የሚባለው ጥቁር ዐለት ሲሊካው 50 በመቶ ገደማ ነው፤ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሆኖ ይወጣል፣ ቀጭን ስለሆነም ይፈስሳል። ሲሊካው ከ70 በመቶ ሲያልፍ ግን ይወፍራል። ልዩነቱ በአንድ ምድጃ ላይ እንደተጣዱ ሽሮና ገንፎ ነው፦ ሽሮው ሲገነፍል ዙሪያውን ይፈስሳል፤ ገንፎው እንፋሎቱን አፍኖ አፍኖ ይዞ በመጨረሻ ይፈነጥቃል።

ከዚህ የተነሣ ቅርጹም ይለያያል። ቀጭኑ ላቫ (ወደ ገጽ የወጣው ቅልጥ ዐለት) በረጅም ስንጥቅ ከወጣ አገር የሚያለብስ ንጣፍ ይሆናል፤ በአንድ አካባቢ ደጋግሞ ከወጣ እንደተደፋ ጋሻ ሰፊና ዝርግ ተራራ ይሠራል። ጋዝ የበዛበት ባዛልት እየተፈናጠረ ሲወድቅ ትንንሽ ሾጣጣ ኮረብታ ይከምራል። ቅልጥ ዐለቱ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ተንኖ ምድሩን ይበሳል፤ ጉድጓዱም ብዙ ጊዜ ሐይቅ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ማጠራቀሚያ በአንድ ጊዜ ሲራገፍ ደግሞ በላዩ ያለው መሬት ይደረመሳል፤ ካልዴራ የሚባለው ይህ ነው። ላቫና ዐመድ እየተፈራረቁ የሚገነቡት ሹል ተራራ፣ የጃፓኑ ፉጂ ዓይነት፣ በጎጃም የለም።

የትራፑ ዘመን

የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ዋና አካል የሆነው ባዛልት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የዕድሜ ልኬት ብዙው ክፍል በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደወጣ አመልክቷል። ሽፋኑ ዛሬም ወደ 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት ሲሆን ውፍረቱ በአንዳንድ ስፍራ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ምክንያቱ በአብዛኞቹ ተመራማሪዎች ዘንድ ከጥልቅ ማንትል የተነሣ የጋለ ዓምድ ነው ተብሎ ይታመናል። ይኸው ዓምድ በኋላ ለቀይ ባሕር፣ ለኤደን ባሕረ ሰላጤና ለስምጥ ሸለቆው መከፈት እጁ እንዳለበት ይነገራል።

ይህን የድንጋይ ንብርብር መጀመሪያ በሥርዓት የገለጸው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የጂኦሎጂ ባለሙያ ሲሆን ንብርብሩን «አሸንጌ» እና «መቅደላ» ብሎ ለሁለት ከፈለው። ስሞቹ ከአሸንጌ ሐይቅና ከመቅደላ አምባ የተወሰዱት ጦሩ ያለፈበት መንገድ በዚያ በኩል ስለነበር ነው፤ ጦሩ በጎጃም ቢያልፍ ኖሮ ድንጋዩ ሌላ ስም በያዘ ነበር።

«ትራፕ» የሚለው ቃል ከስዊድንኛ የመጣ ሲሆን ደረጃ ማለት ነው። ከደጀን አፋፍ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ላየ ሰው ቃሉ ማብራሪያ አያሻውም፦ እያንዳንዱ ቀጥ ያለ ገደል አንድ የላቫ ፍሳሽ ሲሆን በመካከሉ ያለው ተዳፋት የለሰለሰው ክፍል ነው። በሁለት ፍሳሾች መካከል አንዳንድ ጊዜ ክንድ የማይሞላ ቀይ መስመር ይታያል። ይህ የጥንት አፈር ነው፤ ከአንዱ ፍሳሽ በኋላ ምድሩ አፈር እስኪያበጅ ዐርፎ ቆይቶ ቀጣዩ ላቫ ሲመጣበት እንደ ሸክላ ተጠብሷል። ከባዛልቱ በታች ወንዙ ወደ ኖራ ድንጋዩና ወደ አሸዋማው ድንጋይ ይወርዳል፤ እነርሱ ከእሳተ ገሞራው እጅግ የሚቀድሙ ናቸው።

ጮቄ

ከንጣፉ በኋላ በላዩ ላይ ጋሻ መሰል ተራሮች ተነሡ። ስሜን ከንጣፉ ጋር ዕድሜው ተቀራራቢ ሲሆን ጮቄ ወደ 22 ሚሊዮን፣ ጉና ወደ 11 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ ሲሆን የግርጌው ስፋት ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጫፉ በምሥራቅ ጎጃም ቢሆንም የምዕራብ ጎጃም ደጋዎች ከእርሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ተዳፋቱ ከመዝረጉ የተነሣ ተራራ እየወጡ መሆኑን የሚያስታውቀው አቀበቱ ሳይሆን ጤፉ ቀርቶ ገብስ መተካቱ ነው።

የጣና አመጣጥ ክርክር

ጣና ከምዕራብ ጎጃም በስተሰሜን ያለ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ሰፊና ይህን ያህል ጥልቀት የሌለው ውሃ በደጋ ላይ እንዴት ሊቀመጥ ቻለ የሚለው ጥያቄ ለመቶ ዓመት ያህል አጥኚዎችን ጠርቷል። ግራብሃምና ብላክ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921፣ ጣሊያኖች ደግሞ በ1937 በጆቶ ዳይኔሊ መሪነት ሐይቁን አጥንተዋል። ሁለቱም የመጡበት ዘመን ውሃው ለግድብና ለቅኝ ግዛት ዕቅድ የሚፈለግበት ነበርና የድንጋዩ ዕውቀት ከፖለቲካው ጋር አብሮ የገባ ነው ማለት ይቻላል።

የቆየው መልስ በላቫ ተገደበ የሚል ነው። ከሐይቁ በስተደቡብ በመራዊና በዳንግላ በኩል እስከ እንጅባራ የተዘረጋ፣ ከትራፑ እጅግ የሚያንስ ዕድሜ ያለው ባዛልት አለ። ከዚሁ የተነሣ ፍሳሽ የዓባይን መውጫ ዘግቶ ውሃውን ወደ ኋላ አቆመው ይባላል። ጢስ ዓባይ ለዚህ ዋና ምስክር ሆኖ ይቀርባል፦ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወንዙ ከ40 ሜትር በላይ የሚወድቀው ከዚሁ ወጣት ላቫ ጫፍ ላይ ነው። ፏፏቴው ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለሚያግድ በጣና ብቻ የሚገኙ ከ10 የሚበልጡ የባርቦ ዓይነት ዓሦች ተለይተው መኖራቸውም ከላቫው ጋር ይያያዛል።

ላቫው መውጫውን ከፍ ማድረጉን የሚጠራጠር ጥቂት ነው። ክርክሩ ከሥሩ ያለውን ጎድጓዳ ማን ሠራው የሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዣን ሾሮቪችና ባልደረቦቹ ጣና ሦስት የመሬት ስርጉዶች የሚገናኙበት ስፍራ መሆኑን አቀረቡ፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር፣ አንዱ ወደ ደንገል በር የሚሄድ ነው። በዚህ አባባል እሳተ ገሞራው ተከታይ እንጂ መሪ አይደለም፤ ምድሩ መጀመሪያ ሰጠመ፣ ላቫው ኋላ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2016 አንቶኒ ፕራቭና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ገለበጠው። በሐይቁ ዙሪያ ካለው ባዛልት መካከል ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ ከዐመድና ከጋለ ጋዝ ደመና የተጋገረ ዐለት አለ። በውስጡ ያሉት ዚርኮን የተባለ ማዕድን ቅንጣቶች ሲለኩ ዕድሜው ከ31.1 እስከ 30.8 ሚሊዮን ዓመት ሆነ። መጠኑ ቢያንስ ከ2,000 እስከ 3,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ተገመተ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ የተፋው ወደ 10 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ይህን ያህል ነገር በአጭር ጊዜ ሲወጣ ከላይ ያለው ምድር ተደርምሶ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ካልዴራ ተፈጠረ፤ ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ውሃ የተኛው በዚያ ላይ ነው። ለዚህም በጠርዙ የተንሸራተቱ ግዙፍ የዐለት ቁራጮችን ያቀርባሉ።

ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ማራኪነቱ ግን ለማስረጃ አይቆጠርለትም። ዐለቱ መኖሩና ዕድሜው ጠንካራ ልኬት አላቸው። የካልዴራው ቅርጽ በአንጻሩ በብዛት በውሃ፣ በደለልና በኋለኛ ላቫ የተሸፈነ ስለሆነ የሚነበበው ከጠርዙ ነው። ስርጉዶቹና ካልዴራው እርስ በርስ የግድ የሚጻረሩ አለመሆናቸውም ሊታሰብ ይገባል፤ የተሰነጠቀ ምድር ለቅልጥ ዐለት መንገድ ይሆናል፣ የተደረመሰ ምድርም በነበረው ስንጥቅ ይቆረጣል።

ሐይቁ ራሱ ከጎድጓዳው በብዙ ሚሊዮን ዓመት ያንሳል። ከወለሉ ተቆፍሮ የወጣ ደለል እንዳሳየው ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ጣና ደርቆ ነበር። በዚያው በ2016ቱ ጥናት በሐይቁ አካባቢ ካለ ቀዳዳማ ባዛልት የተወሰደ አንድ ናሙና 33,000 ዓመት ገደማ ተለክቷል። በአፋር ይህ ቁጥር አያስደንቅም። ከስምጥ ሸለቆው ርቆ በደጋው መካከል ሲገኝ ግን «ጎጃም ውስጥ እሳቱ ከጠፋ ቆየ» የሚለውን አነጋገር ጥንቃቄ እንዲያሻው ያደርጋል።

ዘንገናና ጥርባ

እንጅባራ በአዊ ዞን ብትሆንም ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሁሉ ያልፍባታል። በአቅራቢያዋ ያለው ዘንገና ክብ ማለት በሚቻል ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሆነ ይጠቀሳል፤ ይህ ከጣና ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ጥርባም የዚሁ ዓይነት ነው። ሁለቱም በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተበሱ ጉድጓዶች መሆናቸው ይታመናል።

ማዕድናዊ ምንጮች

ከሐይቆቹ ሌላ ጋዝ ወይም ሙቀት ያላቸው ምንጮችም በአካባቢው አሉ። በቡሬ አቅራቢያ የባጉና ምንጭ ጋዝ የበዛበትና ማዕድን ያዘለ ነው። ከጣና በስተደቡብ ምሥራቅ የዋንዛዬ ፍል ውሃ ይገኛል።

የአደጋ ሁኔታ

በምዕራብ ጎጃም በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ የለም። የኢትዮጵያ ንቁ እሳተ ገሞራዎች በስምጥ ሸለቆውና በአፋር ናቸው። በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ ዐመዱ በነፋስ ወደ ምሥራቅ ተወስዶ የመንና ኦማንን አቋርጦ ሕንድ ደርሷል። ከሃይሊ ጉቢ እስከ ፍኖተ ሰላም በቀጥታ መስመር ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ድንጋዩ በሰው እጅ

በዞኑ መንገድ ሲቆረጥ በግራና ቀኝ የሚወጣው ገጽ የባዛልቱን አበሰባበስ በቅርብ ያሳያል። ቡናማ አፈር ውስጥ ክብ ክብ ድንጋዮች ተሰክተው ይታያሉ፤ በእጅ ሲነኩ ቅርፊታቸው እንደ ሽንኩርት በየንብርብሩ ይላጣል፣ መሐላቸው ግን ገና ጥቁርና ጠንካራ ነው። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከጠርዝ ወደ መሐል ሲበላው እንዲህ ይሆናል። የተላጠው እየደቀቀ በተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር፣ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ዋልካ ይሆናል። ሲሰበር ነጭ ነጠብጣብ የሚታይበት ድንጋይም አለ፤ ነጩ በጋዝ አረፋ ቀዳዳ ውስጥ ኋላ የረጋ ማዕድን ነው።

ቀዳዳው ሳይሞላ የቀረው ባዛልት ለወፍጮ ይመረጣል። ደልዳላው ድንጋይ ከታች ሆኖ በላዩ መጁ በሁለት እጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። የቀዳዳዎቹ ከንፈር ስለት ሆኖ እህሉን ይቆርጣል፤ ድንጋዩ ሲበላም ከሥር ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። ያም ሆኖ ውሎ አድሮ ይዶለድማል። ያን ጊዜ ዱቄቱ ሻካራ መውጣት ይጀምራል፤ የምትፈጨው ሴትም ወፍጮውን ገልብጣ አራግፋ በጠንካራ ድንጋይ ወይም በብረት ነጥብ በነጥብ ትወቅረዋለች። ከተወቀረ በኋላ መጀመሪያ የሚፈጨው ጥቂት እህል የድንጋይ ብናኝ ስለሚይዝ ለዶሮ ይሰጣል።