ጨረቃ በስቱዲዮ ጣሪያ ሥር፤ የፊልም ሌሊት አጭር ታሪክ

ሙሉ ጨረቃ ጥርት ባለ ሰማይ ላይ በወጣች ጊዜ ለምድር የምትሰጠው ብርሃን ሩብ ሉክስ ያህል ብቻ ነው። የቀትር ፀሐይ ግን 100,000 ሉክስ ገደማ ትሰጣለች። የሰው ዓይን በሁለቱም ለማየት ይችላል፤ የሲኒማ ፊልም ግን ለብዙ ዘመን ይህ ችሎታ አልነበረውም። በዚህም ምክንያት ተመልካች በሸራው ላይ ሲያየው የኖረው የጨረቃ ብርሃን በአብዛኛው በሰው እጅ የተሠራ ነው። የአሠራሩ ታሪክ ሲመረመር አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የመብራት ባለሙያ ሊመስል የሚገባው መሣሪያ የሚለካውን ብርሃን ነው ወይስ ዓይን የሚያየውን? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅ አልባ በነበረው ሲኒማ ችግሩ በአብዛኛው የተፈታው በቀለም ነበር። በቀን የተነሣው ፊልም በሰማያዊ ቀለም ይነከራል፤ ተመልካቹም ሌሊት መሆኑን ይረዳል። ጀርመናዊው ዲሬክተር ሙርናው በ1922 «ኖስፌራቱ»ን ሲሠራ የተጠቀመው በዚሁ ዘዴ ነው። ቀለሙ የሌለበት ቅጂ በታየ ጊዜ ግን የፀሐይ ብርሃን የሚገድለው ጭራቅ በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ሲሄድ ይታያል። ሌሊቱ የቆመው በቀለሙ ላይ ብቻ ነበርና ቀለሙ ሲጠፋ ሌሊቱም አብሮ ጠፋ።

ሙርናው ከአምስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ለፎክስ ኩባንያ «ሰንራይዝ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ መንገዱን ለወጠ። ባለታሪኩ በጨረቃ ብርሃን ረግረጉን አቋርጦ የሚሄድበት ትዕይንት፣ ረግረጉም ጨረቃዋም ጭምር፣ በስቱዲዮ ውስጥ ተሠራ። ካሜራው ከላይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ተንጠልጥሎ ሰውየውን ይከተላል። የካሜራ ባለሙያዎቹ ቻርልስ ሮሸርና ካርል ስትራስ በዚህ ሥራቸው በ1929 የመጀመሪያውን የአካዳሚ የፎቶግራፍ ሽልማት አግኝተዋል። በዚህ ትዕይንት ሌሊቱን ሌሊት ያደረገው የብርሃኑ አመጣጥ ነው።

ሰው ሠራሽ ጨረቃ ሁለት የተፈጥሮ ባሕርያትን ማክበር አለባት። አንደኛ፣ ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ የምትጥለው ጥላ ጠርዙ የጠራ ነው። ሁለተኛ፣ እጅግ ሩቅ ስለሆነች አንድ ሰው ጥቂት እርምጃ ቢራመድ ብርሃኗ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በስቱዲዮ ግን ተዋናዩ 3 ሜትር ርቆ ወደ ተተከለ መብራት 1.5 ሜትር ቢጠጋ የሚያርፍበት ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። መብራቱ 12 ሜትር ቢርቅ ያው እርምጃ የሚጨምረው ሠላሳ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች አንድ ብርቱ መብራት ከመስኮቱ ውጭ በተቻለ መጠን አርቀው ያቆማሉ።

ድምፅ ከ1927 በኋላ ሲስፋፋ የካርቦን አርክ መብራት ጩኸት ማይክሮፎኑን ስላስቸገረ የተንግስተን አምፑል ቦታውን ያዘ። በ1930ዎቹ የሦስት ቀለም ቴክኒከለር ሲመጣ ግን ፊልሙ የቀን ብርሃን የመሰለና እጅግ ብዙ ብርሃን ይጠይቅ ስለነበር አርኩ ተመለሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለመደበኛ ትዕይንት ወደ 10,000 ሉክስ የሚጠጋ ብርሃን ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የሙሉ ጨረቃ 40,000 እጥፍ ነው።

ከቀለም ጋር ዋናው ጥያቄ ተከተለ፤ የጨረቃ ብርሃን ምን ዓይነት ቀለም አለው? በመሣሪያ ሲለካ መልሱ ያልተጠበቀ ነው። የጨረቃ ብርሃን የፀሐይ ነጸብራቅ ሲሆን የቀለም ሙቀቱ 4,100 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ከቀን ብርሃን ይልቅ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ይሁን እንጂ ቼካዊው ሊቅ ፑርኪንየ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ እንዳስተዋለው፣ ብርሃን ሲደክም ቀይ ነገር ቀድሞ ይጠቁራል፤ ሰማያዊ ግን ደምቆ ይቆያል። በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ይበልጥ የሚነቁትም ለ507 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ነው፤ በቀን ግን ዓይን ይበልጥ የሚነቃው ለ555 ነው። በጨረቃ የተጓዘ ሰው የነጠላ ጥለት ቀይ ይሁን ጥቁር መለየት እንደሚያስቸግር ያውቃል።

ስለዚህ የፊልሙ ሰማያዊ ሌሊት ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ፈጽሞ እውነትም አይደለም። ለተንግስተን ብርሃን፣ ማለትም ለ3,200 ኬልቪን፣ በተዘጋጀ ፊልም ላይ ከመስኮት ውጭ የቆመ አርክ ወይም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን የተሠራው 5,600 ኬልቪን ገደማ ያለው የኤች ኤም አይ መብራት ያለ ማጣሪያም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በክፍሉ ውስጥ ቢጫ የኩራዝ ብርሃን ካለ ዓይን በንጽጽር ስለሚፈርድ የመስኮቱ ሰማያዊነት ጥቂት ቢሆን ይበቃል።

ዛሬ ዲጂታል ካሜራ በእውነተኛ ጨረቃ ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣት ይችላል። ውጤቱ ግን ትምህርት ሰጪ ነው። ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን እንዲቀበል ሲደረግ ሣሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ቀን ይመስላል። ካሜራው የለካው ትክክል ነው፤ ሆኖም ማንም ሰው ያንን ሌሊት እንዲህ አላየውም። በአንጻሩ ሌሊትን ከፊልም ብቻ የተማረ ባለሙያ ክፍሉን በሰማያዊ ቀለም ያጥለቀልቀዋል። ሁለቱም ስሕተቶች የሚታረሙት በአንድ መንገድ ነው፤ ባለሙያው መብራቱን ከማቆሙ በፊት ከከተማ ብርሃን ርቆ፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ታግሦ፣ ጨረቃ በግድግዳ ላይ የምትሠራውን ማየት ይኖርበታል። ልኬት የሚረዳው ምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ ያየውን ሰው ነው።