የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት

በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በሌሎች 9 ከተሞች የተጀመረ፣ ወጪውን የኢትዮጵያ መንግሥትና የዓለም ባንክ የተካፈሉት የነዳያን ቤተሰቦች መደገፊያ መርሐ ግብር ነው። ጉልበት ያለው የቤተሰቡ አባል መጥረጊያና አካፋ ይዞ ጎዳና እያጸዳ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ እየከፈተ፣ ችግኝ እየተከለ ክፍያውን ሲቀበል፣ ከዚያው ላይ ከመቶ 20 እጁን ለነገ ጥሪት እንዲሆነው ይቆጥባል፤ ጧሪ ቀባሪ ያጡ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ግን ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ይህም፣ በእውነቱ፣ ምጽዋት ሳይሆን ለሽበት የሚገባ ክብር ነው። በሻሸመኔ አጠገብ የምትገኘው ኩየራና መሰሎቿ ታናናሽ ከተሞች ከእነዚያ ከ11ዱ ጋር አልተቆጠሩም፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሕፃናትና የአረጋውያን ሸክም በዘመድ፣ በጎረቤትና በእድር ትከሻ ላይ ይወድቃልና፣ መርሐ ግብር አውጪዎች ታናናሾቹን ከተሞች ሊዘነጉ አይገባም።