ትምባሆ በታሪክ፤ ሳንባስ ይመለሳል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ሲጋራ የሚያጨሱ አባቶችንና ወንድሞችን «አቁሙ» ስንላቸው ብዙዎቹ «ሳንባዬ አንዴ ከተቃጠለ በኋላ አሁን ባቆም ምን ይጠቅመኛል?» ይሉናል። ለዚህ ጥያቄ ታሪክ መልስ አለው።

ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ17ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። የቀደሙት ኢማሞች የማያውቁት ነገር ስለነበር ዑለማዎች ተከራከሩበት። በካይሮ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ ያውም በአንድ የማሊኪ መዝሀብ ውስጥ ሸይኽ ኢብራሂም አል-ለቃኒ ሲከለክሉት ሸይኽ ዐሊ አል-ኡጅሁሪ ፈቀዱት። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1633 በሞት ቅጣት አገዱት፤ ሰይፉ ግን ልማዱን አላጠፋውም። ከክርክሩ ዋና ጭብጦች አንዱ «ጉዳቱ ተረጋግጧል ወይ?» የሚለው ነበር። የሳንባን ውስጥ አይቶ የሚመሰክር ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የፈቀዱትን ዛሬ ልንወቅሳቸው አይገባም።

ምስክሩ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የለንደን ሆስፒታል በሽተኞችን አስጠይቀው ሲጋራ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ትስስር አሳዩ። ዶል ራሱ አጫሽ ነበር፤ ውጤቱን ሲያይ አቆመ። በ1951 የተጀመረው ሌላው ጥናታቸው 34,439 ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታተለ። በ2004 በወጣው ውጤት መሠረት አጫሽ ከማያጨስ ሰው በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል። ነገር ግን በ30 ዓመቱ ያቆመ ያንን 10 ዓመት ያተርፋል፤ በ40 ያቆመ 9፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመ እንኳ 3 ዓመት ያህል ያገኛል። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

ሳንባ እንዴት ይመለሳል? አላህ በአየር ቧንቧችን ውስጥ አቧራና አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉ ጥቃቅን ጸጉሮችን ፈጥሯል። ጭስ ያሽመደምዳቸዋል። ሲጋራው ሲቆም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ከደም ይወጣል፤ ጸጉሮቹም ቀስ በቀስ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በዚህን ጊዜ ሳል ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል። «ማቆሜ አሳመመኝ» ብሎ ወደ ሲጋራው የሚመለስ አለ፤ ቤት ሲጠረግ እኮ አቧራ መነሣቱ አይቀርም! በወራት ውስጥ ሳሉም የትንፋሽ ማጠሩም ይቀንሳል። ከ10 ዓመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋው ማጨሱን ከቀጠለው ሰው ግማሽ ያህል ይሆናል።

ሐቁን ግን አንደብቅ፦ የፈረሱ የአየር ከረጢቶች ተመልሰው አይተኩም። ማቆም የቀሩትን ያድናል። ስለዚህ ነገ ከማቆም ዛሬ ማቆም ይበልጣል።

ጉዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ማጨስ ሐራም ነው ብለዋል። አላህም በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 195 ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አዞናል። ወንድሜ ሆይ፣ በረመዳን ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለ ሲጋራ የምትውለው አንተው ነህ፤ ታዲያ ከመግሪብ በኋላ ማን አስገደደህ? እናንተም እናቶችና ልጆች፣ የሚያቆመውን ሰው በነገር አትውጉት፤ በዱዓእ አግዙት። የበርጫ ጓደኞቹም ሲጋራ አትዘርጉለት።

ተውበት ለቀልብ በር እንደሚከፍት ሁሉ፣ አላህ ለሳንባም በር ከፍቷል። በሩ ሳይዘጋ እንድንገባበት አላህ ይወፍቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።