ሽንት ብቻውን አይናገርም
በሽኩና ቫቭ የምንኖር ብዙዎቻችን ሐኪም ብልቃጥ ሰጥቶ «ሽንት አምጡ» ሲለን እናፍራለን። እናቶቻችንማ ብልቃጡን በነጠላቸው ሸፍነው ነው የሚይዙት። ይህ ምርመራ ግን ረጅም ታሪክ አለው፤ በታሪኩም ውስጥ የአንድ አይሁዳዊ ሐኪም ስም ይገኛል።

ይስሐቅ እስራኤሊ በግብፅ ተወልዶ፣ ዛሬ ቱኒዚያ በምትባለው አገር በቃይሩዋን ከተማ የገዥዎች ሐኪም ሆነ። በ10ኛው መቶ ዘመን ስለ ሽንት በዐረብኛ የጻፈው መጽሐፍ በ11ኛው መቶ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ተማሩበት። የዚያን ጊዜ መሣሪያ ዓይንና አፍንጫ ነበር፤ ቀለሙን፣ ዝቃጩንና ሽታውን ይመረምሩ ነበር።

ኋላ ግን በሽተኛውን ሳያዩ፣ ጠርሙሱን ብቻ ተመልክተው «በሽታህ ይህ ነው» የሚሉ አታላዮች በዙ። እ.ኤ.አ. በ1637 በእንግሊዝ አገር እነርሱን የሚያጋልጥ መጽሐፍ ታተመ። በ1776 ማቲው ዶብሰን በስኳር በሽተኛ ሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን አሳየ። በ1827 ሪቻርድ ብራይት በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን ከኩላሊት በሽታ ጋር መያያዙን ገለጸ። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ሶዲየምና ፖታሲየም የተባሉትን የሰውነት ጨዎች በፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ወደ ላቦራቶሪ ገባ።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ከደጋ አገር ወደ ኔጌቭ በረሃ መጥተናል። ላብ፣ ትውከትና ተቅማጥ ውሃና ጨው ይወስዳሉ። ሰውነት ሲደርቅ ጤነኛ ኩላሊት ውሃውንም ጨውንም ይቆጥባል፤ ስለዚህ ሽንቱ ጥቂትና ጠቆር ያለ ይሆናል፣ በውስጡ ያለውም ሶዲየም ያንሳል። በደም ውስጥ ሶዲየም ጎድሎ ሳለ በሽንት መውጣቱን ካላቆመ ግን ሐኪሙ ኩላሊትን፣ ሆርሞንን ወይም ሽንት የሚያበዛ ክኒንን ይጠረጥራል። የሁለቱ በሽተኞች የደም ውጤት አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። አንዱን የሚያድን ፈሳሽ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ከብልቃጡ ሌላ የእናንተን ቃል ይፈልጋል። ልጅ ሲያስተረጉም ወላጅ አፍሮ ተቅማጡን፣ ጾሙን ወይም የሚውጠውን ክኒን ይደብቃል። እባካችሁ አትደብቁ። አዛውንት ድንገት ቢፈዙ ወይም ቢቀባዥሩ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉ፤ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዷቸው።